ስኳሩን ብቻ አትቀንሱ፦ የፒካን ፓይ በሱሉልታ ኩሽና

በጥቅምት መጨረሻ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ስትፈታ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የፒካን ከረጢት አወጣችና «ለአንቺ ነው፤ ፓይ ጋግሪበት» አለችኝ። ፓይ ቂጣ ውስጥ ሙሌት ተሞልቶ የሚጋገር ጣፋጭ ነው። አሠራሩንም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ሳነበው የስኳሩ ብዛት አስደነገጠኝና በገዛ ሥልጣኔ በግማሽ ቀነስኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከኦቨን ያወጣሁት ነገር ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሐሉ ውኃ ቋጥሯል፣ በውኃው ውስጥ ደግሞ እንቁላሉ ተበጣጥሶ ይዋኛል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቴ እማማ ሳህኑን አዘንብለው አዩትና «ልጄ፣ ይህ ቁርስ ነው ወይስ ጣፋጭ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጋግሬዋለሁ። አሁን የሚበላ ነገር ይወጣል። በመካከሉ የተማርኩት ግን ከአንድ ጣፋጭ አሠራር ሰፋ ያለ ነው። እዚህ ፓይ ውስጥ ስኳር የሚሠራው ማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ሥራ ደርቦ ይዟል። ሠራተኛውን ስታሰናብቱ ሥራዎቹን የሚረከብ ካላዘጋጃችሁ ቤቱ ይፈርሳል። የእኔ የመጀመሪያ ፓይ የፈረሰው በዚህ ነው።

ፒካን በአገራችን ገበያ የሚታወቅ ፍሬ ስላልሆነ ጥቂት ልበል። ከገውዝ ቤተሰብ የሆነ ሞላላ፣ ቡናማ፣ እንደ አንጎል የተሸበሸበ ፍሬ ነው። አገሩ የሚሲሲፒ ወንዝና የገባሮቹ ዳርቻ፣ ቴክሳስና ሰሜን ሜክሲኮ ነው። የሚለቀመው በእነርሱ መከር፣ በእኛ መጸው፣ ማለትም ሰብል በሚሰበሰብበት ወራት ነው። ፓዩም የወቅቱ ጣፋጭ ነው፤ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በሚከበረው የምስጋና ቀናቸው ከገበታ አይጠፋም። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዓይነት ጥሩ ፒካን ዛፍ እየመረጡ የማባዛት ሥራ መነሻው ግን አንድ ሰው ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሉዊዚያና በባርነት የተያዘ አንትዋን የሚባል አትክልተኛ የአንድ ምርጥ ዛፍ ቅንጣቢ በሌሎች ግንዶች ላይ አያይዞ 16 ዛፎች አጸደቀ። ከዚያ የተገኘው ፍሬ በ1876 በፊላደልፊያ ትርዒት ላይ ተሸለመ። የሰውየው ስም ግን ከአንትዋን አልፎ አልተመዘገበም። ፍሬውን በሰነጠቅሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ፓዩ ይህን ያህል የሚጣፍጠው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱን ያገኘሁት ከሽሮፕ ታሪክ ውስጥ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ካሮ የተባለ የበቆሎ ሽሮፕ ለገበያ ቀረበ። በ1930ዎቹ አምራቹ ኩባንያ በሽሮፑ የሚሠራ የፒካን ፓይ አሠራር አሰራጨ፤ እርሱም የአገሩ ሁሉ አሠራር ሆነ። ከዚያ በፊት በመጽሔቶች ላይ ይወጣ የነበረው ወተትና እንቁላል ያለበት ዓይነት ነበር። ይህን ሳውቅ ልቤ ቀለል አለው። ጣፋጩን ስቀንስ የአያቶቻቸውን ወግ እያፈረስኩ አልነበረም፤ ሽሮፕ የሚሸጥ ኩባንያ የጨመረውን እየቀነስኩ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ 1 ኩባያ ስኳር አለ፣ ማለትም 200 ግራም። በላዩ 1 ኩባያ የበቆሎ ሽሮፕ ይጨመራል። ሽሮፑ ውስጥ ያለው ሲደመር ጠቅላላው ከ400 ግራም ያልፋል። ፓዩ ለ8 ሰው ሲቆረጥ ለእያንዳንዱ ከ50 ግራም የማያንስ ይደርሰዋል፤ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ወደ 13 ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና ሽሮፕ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንድ ቁራጭ ፓይ የቀኑን ጣሪያ ብቻውን ይሞላዋል። ከጎኑ የሚጠጣው ሻይ ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ስኳሩ ምን ምን ይሠራል?

ክሬም ካራሜል የበላ ሰው የፓዩን ሙሌት ጠባይ ያውቀዋል። ሁለቱንም የሚያረጋቸው እንቁላል ነው። የእንቁላል ፕሮቲን ጥሬ ሳለ እንደተጠቀለለ ክር ነው። ሲሞቅ ክሩ ይፈታል፤ የተፈታው ከጎኑ ካለው ጋር እየተያያዘ መረብ ይሠራል። ውኃው በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ይያዛል፤ እኛ «ረጋ» የምንለው ይህን ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ክሮቹ እየተሳሳቡ መረቡ ይኮማተርና የያዘውን ውኃ ጨምቆ ያወጣዋል። ልብስ እንደሚጨመቅ ማለት ነው። ስኳር በክሮቹ መካከል ገብቶ ይህን መያያዝ ያዘገየዋል። ስኳር የበዛበት ሙሌት ስለዚህ ስህተትን ይታገሳል፤ አሥር ደቂቃ ቢረሱትም ይቅር ይላል። ስኳሩ ሲቀነስ እንቁላሉ ቀድሞ ይረጋል፣ ቀድሞም ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ስኳር ውኃ ይዞ አይለቅም። ሙሌቱ ከተቆረጠ በኋላ ሳህን ላይ የማይፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ ውፍረትና ቀለም ይሰጣል። አራተኛውን ሥራ ሱሉልታ ባልኖር ኖሮ ልብ አልለውም ነበር።

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ መሐል በ92 ገደማ ይፈላል። እንጦጦን ተሻግረን ያለነው እኛ ዘንድ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ፣ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ሽምብራና ባቄላ ከቆላ ይልቅ እዚህ ረጅም ሰዓት የሚፈጁት ለዚህ ነው፤ ውኃው እየፈላ እንኳ የሚያበስልበት ሙቀት ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱ ደግሞ «መሐሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ» ይላል። በሽሮፕ የተሞላ ሙሌት ብዙ ስኳር ስለሟሟበት የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል (አራተኛው ሥራ ይህ ነው)፤ 93 ዲግሪን ሳይፈላ ሊደርስበት ይችላል። የእኔ ስኳሩ የተቀነሰው ሙሌት ግን ወደ ውኃ የቀረበ ስለሆነ እዚያ ከመድረሱ በፊት ይፈላል። እኔ ቴርሞሜትሩን ሰክቼ ቁጥሩን ስጠብቅ፣ ከታች እንቁላሉ ተበጣጥሶ አልቋል። ለዚህኛው ሙሌት 82 እስከ 85 ዲግሪ ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጎድጓዳ ሳህኑን ወዝወዝ ማድረግ ነው፦ ከዳር ሦስት ጣት ያህሉ ጠንክሮ፣ መሐሉ እንደረጋ እርጎ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል። ቀሪውን በራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ወተት በሚታለብበት አገር ያደገች ሴት የእርጎን መንቀጥቀጥ ታውቃለች፤ ይህ ከማንኛውም ቴርሞሜትር ይሻላል።

አሁን ወደ ማሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ፓይ ስጀምር ለእማማ «አሁን በማር ነው የምሠራው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «በማር ከሆነማ እኔም እበላለሁ፤ ማር መድኃኒት አይደል እንዴ?» አሉኝ። እማማ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ የጣት ደም የሚለካ መሣሪያቸው ከነጠላቸው ጫፍ አይለይም። ዝም ማለት አልቻልኩም። ማር ከአምስት አንዱ ገደማ ውኃ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ስኳሮች ናቸው። ደም ውስጥ ሲገባ ማርነቱ አይታወቅለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከላይ በጠቀስኩት ገደብ ውስጥ ማርን ከስኳር ጋር አንድ ላይ የቆጠረውም ለዚህ ነው። ማር ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ፍሩክቶስ ከተራ ስኳር ይልቅ ለምላስ ስለሚጣፍጥ ትንሽ ማር ብዙ ርቀት ይሄዳል። መዓዛውም ሌላ ነው። «ስኳር የሌለበት» ብሎ በማር የተሠራ ኬክ ለስኳር ሕመምተኛ ማቅረብ ግን ማታለል ነው፤ አንዳንድ ኬክ ቤት በር ላይ ይህንን ጽሑፍ ሳይ እናደዳለሁ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም፤ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

በማር ስትጋግሩ አንድ ሌላ ነገር ይቀየራል። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከተራ ስኳር ፈጥነው ይጠቁራሉ። የመጀመሪያው ፓዬ ዳር በስኳር እንኳ ከጠቆረ በማር ከሰል ይሆን ነበር። ስለዚህ ኦቨኑን ከ175 ወደ 160 ዲግሪ አወረድኩት።

ታዲያ ስኳሩን የተካው ምንድን ነው? ተምር። ተምርም ጣፋጭ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ልዩነቱ ከስኳሩ ጋር አሰሩም፣ ማለትም ፋይበር የሚባለው፣ አብሮ መግባቱ ነው። አሰሩ ስኳር ትቶት የሄደውን ሥራ ይረከባል፤ ውኃ ይይዛል፣ ሙሌቱን ያወፍራል፣ የእንቁላሉንም ክሮች ያራርቃል። 150 ግራም ፍሬው የወጣለት ተምር በ120 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይነከርና እስኪልም ይፈጫል። ወተቱን የጨመርኩት የጥንቱን አሠራር አስቤ ነው፤ ደግሞም በሱሉልታ ወተት ለማግኘት ሩቅ አይኬድም። ከላሟ በቀጥታ የመጣ ከሆነ ሳይፈላ አይነካ።

በዚህ ላይ 4 የሾርባ ማንኪያ ማር (80 ግራም ገደማ)፣ 3 እንቁላል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል። ቅቤው ቅመም ያልገባበት ይሁን፤ የተነጠረ ቅቤ ሞክሬ ነበር፣ ፓዩ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ አለ። ዱቄቷ ትንሽ ብትሆንም ዋጋዋ ትልቅ ነው። ስታርቹ ሲሞቅ አብጦ በእንቁላል ክሮች መካከል ይቆምና መኮማተራቸውን ይከለክላል። ጨውን አትዝለሉ፤ ስኳር ሲቀንስ ጣዕም ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ጨው ነው የሚያነሣው። ኮረሪማ ተፈልፍሎ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ተወቅጦ ሲገባበት ደግሞ ቫኒላ አልናፈቀኝም። ሲደባለቅ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ እንጂ አይመታም። የተመታ እንቁላል አየር ይይዝና ኦቨን ውስጥ ነፍቶ፣ ሲወጣ ተሰንጥቆ ይወርዳል።

ፒካኑ በሁለተኛው ፓይ አለቀ። ለሦስተኛው የቀረኝ ኦቾሎኒ ነበር፤ ከባቢሌ የመጣ ነው ብላ ነጋዴዋ ምላ የሸጠችልኝ። መተካቱ ከጠበቅሁት ተሻለ። ኦቾሎኒ በእውነቱ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ከመሬት በታች የሚያፈራ ጥራጥሬ ነው። 100 ግራሙ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ፒካን ግን ወደ 9 ግራም ብቻ አለው። ፒካን በአንጻሩ በቅባት ይበልጣል፦ 72 ግራም ገደማ፣ አብዛኛውም ያልተሟላ ስብ ከሚባለው፣ ለልብ ከሚስማማው ዓይነት ነው። ኦቾሎኒ 49 ግራም ያህል አለው። ልዩነቱን ጥርስ ይመሰክራል። ፒካን ኦቨን ውስጥ ይለሰልሳል፤ ኦቾሎኒ እንደጠነከረ ይቀራል። ስለዚህ ከታመሰ በኋላ ለሦስት ለአራት ተከፍሎ ይሰበራል እንጂ ሙሉውን አይገባም።

ስለ ኦቾሎኒ ግን ሌላ፣ ከስኳሩ የማይተናነስ ጉዳይ አለ፤ ስለ ጤናማ ምግብ እያወሩ ይህንን ማለፍ አይገባም። በ1960 በእንግሊዝ ተርኪ የሚባሉ ከ100,000 በላይ ትልልቅ የፈረንጅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ሲመረመር የበሉት መኖ ከብራዚል የመጣ፣ ሻጋታ የገባበት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ የሚያመነጨውም መርዝ ከዚሁ ስም ተቆርጦ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበት የሚያጠቃ፣ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነገር ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። የሚያስፈራው ደግሞ እሳት በደንብ የማይበግረው መሆኑ ነው። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ኦቾሎኒው ሳይደርቅ ሲከማች ወይም እርጥበት ባለበት ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ሻጋታው ይፈላበታል።

ስለዚህ ለእኔ የመጋገሩ ትልቁ ሥራ በሰፌድ ላይ ያለው ነው። ግማሽ ኪሎውን በሰፌድ አፈስሼ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየዋለሁ። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበት፣ ነቀዝ የበሳው፣ ከውስጥ ቢጫ የመሰለው ሁሉ ይጣላል። «ለዶሮ ይሁን» አይባልም፤ የእንግሊዞቹን ዶሮዎች አስታውሱ። ባለፈው ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አንድ እፍኝ ሙሉ ወጣ። ነጋዴዋ ከማለችበት ጋር አይጣጣምም፤ ብቻ ሙሉ ፍሬ መግዛቴ በጀኝ። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ግን ለዚህ አልገዛም፤ ምን እንደተፈጨ አይታይማ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለአንዳንድ ሰው አንድ ፍሬ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

የተለቀመውን 200 ግራም በምጣድ ላይ መካከለኛ እሳት እያገላበጡ መቁላት፣ ገለባውን በእጅ ማሸት፣ መስበር። ያ ነው።

የታችኛውን ቂጣ በተመለከተ አጭር ልሁን፤ ምክንያቱም ጭኮ የምታውቅ እጅ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። የፈረንጁ ቂጣ ነጭ ዱቄትና ብዙ ቅቤ ነው። እኔ 120 ግራም በሶ ከ60 ግራም ፉርኖ ዱቄትና ቁንጥር ጨው ጋር ቀላቅዬ በ80 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ አሸዋለሁ፤ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ እየጨመርኩ እጅ ውስጥ ሲጨበጥ እስኪይዝ ድረስ። በበሶ ብቻ ሞክሬ ነበር፤ ገብሱ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ሲቆረጥ ተበተነ። ስንዴው ለመያዣ ነው። በመዳመጫ አይዳመጥም፤ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በጣት ተጭኖ ዳር ድረስ ይለጠፋል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው፤ ይህ አሰር በቂ ሲበላ ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ በሶውን የመረጥኩት ለሽታው ነው። የተቆላ ገብስና የተቆላ ኦቾሎኒ ኦቨን ውስጥ ሲገናኙ መንገድ የሚያልፍ ሰው ቀና ይላል።

ቂጣው ብቻውን በ180 ዲግሪ 12 ደቂቃ ይጋገራል፤ ካልሆነ ሙሌቱ ያረጥበዋል። ከዚያ ኦቨኑ ወደ 160 ይወርዳል፣ የተሰበረው ኦቾሎኒ ቂጣው ላይ ይበተናል፣ ሙሌቱ በላዩ ይፈስሳል፤ ፍሬው ራሱ ተንሳፍፎ ይወጣል። 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እኔ ከ30ኛው ደቂቃ ጀምሮ እየወዘወዝኩ አያለሁ። ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ስለሚተን የላዩ ገጽ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ ስለዚህ ከግማሽ መንገድ በኋላ በፎይል ሸፈን አደርገዋለሁ። በእኛ ሰፈር መብራት መሐል ላይ ሊሄድ ይችላል። ሲሄድ በሩን አለመክፈት ነው፤ ኦቨኑ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ሙሌቱ ቀስ እያለ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ጠፍቶ መጣ። ከሁሉም የለሰለሰው ያ ፓይ ነበር።

አሁን ቁጥሩን በሐቀኝነት እንቁጠር። በእኔ ፓይ ውስጥ ከማሩ 65 ግራም ገደማ፣ ከተምሩ 100 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ለ8 ሲካፈል ለአንዱ ቁራጭ 20 ግራም ያህል ነው፤ ከ50 በላይ የነበረው ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚህም ከማር የመጣው 8 ግራም ብቻ ነው። ካሎሪው ግን ብዙም አልወረደም። የመደበኛው ፓይ ቁራጭ ወደ 500 ካሎሪ ነው፤ የእኔ ከ400 አይወርድም። ኦቾሎኒና ቅቤ ባለበት ይህ አይቀርም። ስለዚህ «ጤናማ ነው» ብሎ ሁለት ቁራጭ መብላት የቀነስነውን መልሶ መጨመር ነው። እኔ ለ8 ሳይሆን ለ10 መቁረጥ ጀምሬያለሁ፤ ከስኳር መቀነሻ ዘዴዎች ሁሉ ቢላዋን ጠጋ ማድረግ ቀላሉ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይህንንም ቢሆን ከሐኪሙ ምክርና ከመለኪያው ጋር አስማምቶ ነው የሚበላው። እማማ አንድ ቀጭን ቁራጭ ያለ ስኳር ከተጠጣ ቡና ጋር በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ፤ ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና መሣሪያውን ወደ ነጠላቸው መለሱት።

የቀረው የጾም ጉዳይ ነው። የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን በእኛ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይውላል፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ፓይ ለአብዛኛው ሰፈርተኛ እስከ ገና አይነካም። የጾሙን አሠራር በተልባ ሞከርኩት። ተልባ ውኃ ሲነካ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ውኃ ይይዛል፤ ልክ እንደ እንቁላል ግን መረብ አይሠራም። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውኃ 10 ደቂቃ ይቆያል። ተምሩ በወተት ፋንታ በውኃ ይነከራል። በላዩ ማሩ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ፣ ምድጃ ላይ እስኪወፍር ይማሰልና ከኦቾሎኒው ጋር ቂጣው ላይ ይገለበጣል። ቂጣውም በቅቤ ፋንታ በዘይት ይታሻል። 25 ደቂቃ ይበቃዋል። እንደ እርጎ አይንቀጠቀጥም፤ ስታርች የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ማታ ተጋግሮ ጠዋት ይቆረጣል።

እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቀመሱት። «ይህ ደግሞ ተልባ ተልባ ይላል» አሉ፤ ሳህናቸውን ግን መልሰው ዘረጉልኝ። ግማሹን ቆርጬ ሰጠኋቸው።